ከድንጋዩ ካብ ማዶ

«ሌላው ነፋስ»ን ጨረስሁ። ይህችን አጭር ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ዐሥራ አምስት ዓመት ያህል ፈጅቶብኛል። የአሜሪካዊቷ ደራሲ የኧርሱላ ለጉዊን የ«ኧርዝሲ» መጻሕፍት ስድስት ናቸው፤ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1968 ታተመ፤ የመጨረሻው በ2001። እርሷ በሠላሳ ሦስት ዓመት የጻፈችውን እኔ እያቋረጥሁ፣ በምሳ ሰዓትና በታክሲ ሰልፍ፣ የወጣትነቴን ዘመን ሙሉ አነበብሁት። ዐርባ ገጽ ያህል ሲቀረኝ በቀን ከሁለት ገጽ በላይ እንዳላነብ ለራሴ ሕግ አወጣሁ። እንግዳ ሊሄድ ሲነሣ፣ በረካው ተጠጥቶ ካለቀ በኋላ እንኳ ጀበናው ላይ ውኃ ጨምራ «ትንሽ ቆዩ» እንደምትል ባለቤት ሆኜ ነበር። ቡናው እየቀጠነ ይሄዳል፤ እንግዳውም መሄዱ አይቀርም።

መጻሕፍቱን ላላነበበ ወዳጅ አስቀድሜ ላስጠንቅቅ፤ ምስጢሩን ሳልነካ ስለ ፍጻሜው መጻፍ አልቻልሁም። ራሱ አንብቦ መድረስ የሚሻ እዚህ ላይ ቢለየኝ አልቀየመውም፤ ጨርሶ ሲመለስ እንጨዋወታለን።

ኧርዝሲን ያገኘኋት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ፣ በብሔራዊ ቴአትር አካባቢ በመንገድ ዳር ከተዘረጉ አሮጌ መጻሕፍት መካከል ነው። ሽፋኑ የተገነጠለ፣ የመጀመሪያዎቹን አራት መጻሕፍት በአንድ ላይ የያዘ ጥራዝ ነበር። ሻጩ አገላብጦ አየውና «የዘንዶ ተረት ነው፤ ለታናሽ ወንድምሽ ይሆናል» ብሎ በርካሽ ሰጠኝ። ታናሽ ወንድም የለኝም። የሒሳብ አያያዝ ፈተና ሳምንት ሲቀረው ከዘንዶዎቹ ጋር ባሕር ገባሁ።

ኧርዝሲ ምድሯ ሁሉ ደሴት የሆነ ዓለም ናት። ባለታሪኩ ጌድ፣ ጎንት በምትባል ተራራማ ደሴት ፍየል ሲጠብቅ ያደገ ልጅ ነው። ቆዳው ቀላ ያለ ቡናማ ነው፤ የቅርብ ወዳጁ ደግሞ ጥቁር ነው። ለጉዊን ይህን አስባ ነበር የጻፈችው። ይሁን እንጂ የሽፋን ሠዓሊዎች ለዓመታት ጌድን ነጭ አድርገው ሣሉት፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ለአሜሪካ ቴሌቪዥን የተሠራው ፊልምም ቦታውን ለነጭ ተዋናይ ሰጠ፤ ደራሲዋም ተቃውሞዋን በአደባባይ ጻፈች። የእኔ ጥራዝ ሽፋን ስላልነበረው ጌድን ማንም ሳይቀድመኝ ራሴ ሣልሁት። በልጅነቴ ክረምት ክረምት በምሄድበት በመንዝ፣ በብርድ የተሰነጠቀ እግሩን በጭቃ ነክሮ በግ ከሚጠብቅ ልጅ ጋር አንድ ሆኖ ታየኝ። እስከ ዛሬም ያው ነው።

*

የመጻሕፍቱን ርእስ ወደ አማርኛ ልመልስ ብዬ ስሞክር የመጀመሪያዪቱ ቃል ገና ታገለችኝ። ጌድን ምን ልበለው? ጠንቋይ እንዳልለው፣ ጠንቋይ ገንዘብ ተቀብሎ ዕጣ ፈንታ እነግራለሁ የሚል ነው። መተተኛ እንዳልለው፣ መተተኛ ሰው ይጎዳል። «አስማተኛ» የምትለውን ቃል ስይዝ ግን ደነገጥሁ። አስማት በግእዝ «ስም» ለሚለው ቃል ብዙ ቁጥሩ ነው፤ ስሞች ማለት ነው። በለጉዊን ዓለምም አስማት ማለት የነገሮችን እውነተኛ ስም ማወቅ እንጂ ሌላ አይደለም። ነፋሱን በጥንታዊው ቋንቋ በእውነተኛ ስሙ የጠራ ይታዘዝለታል፤ ድንጋዩን በስሙ የጠራ ይለውጠዋል። እርሷ በስድስት መጻሕፍት ያብራራችውን ቋንቋችን ከብዙ መቶ ዓመት በፊት በአንዲት ቃል ውስጥ አስቀምጦታል።

በኧርዝሲ ሰው ሁሉ ሁለት ስም አለው። አንደኛው ለዕለት መጠሪያ ነው፤ ሁለተኛው እውነተኛው ሲሆን በአደባባይ አይነገርም፤ ሙሉ በሙሉ ለታመነ ወዳጅ ብቻ ይሰጣል። ስሙን ያወቀ ነፍሱን በእጁ እንደያዘ ይቆጠራልና። ይህ ለእኛ አገር አንባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። የክርስትና ስሙን ለማንም የማይናገር፣ የእናቱን ስም እንኳ ደብተራ ሰምቶ እንዳይደግምበት የሚደብቅ ሰው በየቤታችን ነበረ። በብራና ክታብ ላይ የባለቤቱ የክርስትና ስም በጸሎቱ መካከል ይጻፍ ነበር። ኅቡእ ስሞችን የያዘው «ልፋፈ ጽድቅ»ም ነፍስን ያሻግራል ተብሎ ከሟች ጋር ይቀበር ነበር። ስምን መልአክ ያወጣዋል የምንለው፣ ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የምንለው በከንቱ አይደለም።

እንግዲህ የኧርዝሲ ታሪክ ሁሉ የሚዞረው በዚህ ዙሪያ ነው። በመጀመሪያው መጽሐፍ ጌድ በወጣትነት ትዕቢቱ ወደ ዓለም የለቀቀውን ጥላ እስከ ውቅያኖስ ጫፍ ተከትሎ፣ በመጨረሻ በገዛ ራሱ ስም ይጠራዋል። በሁለተኛው፣ እ.ኤ.አ. በ1971 በታተመው፣ ቴናር የምትባል ሕፃን ከወላጆቿ ተወስዳ፣ ስሟ ተገፍፎ፣ የጨለማ መቃብሮች አገልጋይ ትሆናለች፤ ጌድ በዚያ ጨለማ ውስጥ ስሟን ይመልስላታል። በሦስተኛው፣ በ1972 በታተመው፣ ጌድ ከአንድ ወጣት መስፍን ጋር በሕይወት ሳለ ወደ ሙታን አገር ይሻገራል።

ያ የሙታን አገር ለዓመታት ከልቤ አልወጣም። እሳት የለበትም፤ ቅጣትም የለበትም። ደረቅ ነው። ዝቅ ያለ የድንጋይ ካብ አለ፤ ከካቡ ወዲያ ቁልቁለት ነው፤ ከቁልቁለቱ በታች ጨለማ ከተሞች አሉ፤ ከላይ ደግሞ ከቦታቸው የማይንቀሳቀሱ ከዋክብት። ዝናብ አይዘንብም፤ ነፋስ አይነፍስም። በሕይወት ሳሉ የተዋደዱ ሰዎች በመንገድ ላይ ይተላለፋሉ እንጂ አይተዋወቁም። የቀራቸው ስማቸው ብቻ ነው።

ባንክ የሚሠራ ሰው ይህን አገር በሚገባ ያውቀዋል። ባለቤቱ ለረዥም ጊዜ ያልነካውን ሒሳብ እኛ «የማይንቀሳቀስ» እንለዋለን። ባለቤቱ መሞቱ ሲታወቅ ደግሞ ሒሳቡ ይታገዳል፤ ወራሾች ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ እስኪያመጡ ድረስ ማንም አይነካውም። ስሙን ብትጽፉ ግን ይመጣል፤ ፎቶግራፉ ይመጣል፤ የፊርማው ናሙና ይመጣል፤ ቀሪው ገንዘብ ይመጣል። ሰውየው ብቻ አይመጣም። በሥራዬ ላይ ስንት ጊዜ እንደዚያ ባለ ካብ ላይ ተደግፌ ወዲያ ማዶ እንዳየሁ አልቆጠርሁትም።

*

አራተኛው መጽሐፍ «ቴሃኑ» ከሦስተኛው ዐሥራ ስምንት ዓመት ዘግይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1990 ወጣ። ከርእሱ ሥር «የኧርዝሲ የመጨረሻ መጽሐፍ» የሚል ነበረበት። እዚህ ጀግንነት የለም። ቴናር ባሏ የሞተባት የገበሬ ቤት እመቤት ሆናለች፤ በእሳት ተቃጥላ የተጣለች አንዲት ሕፃን ታሳድጋለች። ጌድ በሙታን አገር ኃይሉን አሟጦ ተመልሷል፤ ፍየል ጠባቂ የነበረው ወደ ፍየል ጥበቃው ይመለሳል። ብዙ ሰው ታላቁን አስማተኛ እንዲህ ሆኖ ማየት ከብዶት ይሆናል። እኔን ግን ከሁሉ የማረከኝ ይህ ነው። ኃይል ከሄደ በኋላ የሚቀረውን፣ ወጥ መሥራትን፣ ልብስ መጣፍን፣ የቆሰለ ልጅ አቅፎ ማደርን እንደ ታላቅ ሥራ የቆጠረ የዘንዶ መጽሐፍ ሌላ አላጋጠመኝም።

የመጨረሻ ተብሎ የታተመው መጽሐፍ ግን የመጨረሻ አልሆነም። እ.ኤ.አ. በ2001 ለጉዊን አንድ የአጫጭር ታሪኮች መድበልና «ሌላው ነፋስ»ን ይዛ ተመለሰች። እኔ በእጄ ያለው ጥራዝ በ«ቴሃኑ» ስለሚያበቃ ታሪኩ እዚያ ያለቀ መስሎኝ ኖሬአለሁ። ሁለቱን መጻሕፍት በዋሽንግተን የምትኖር የአክስቴ ልጅ ባለፈው ዓመት አመጣችልኝ። የመጣችው ለለቅሶ ነበር። አባቴ ባረፈ በዐርባ ቀኑ ለተዝካር ደረሰች፤ ከሻንጣዋም ሁለቱን መጻሕፍት አውጥታ «በዚህ ጊዜ የሚሰጥ ነገር እንዳልሆነ አውቃለሁ» አለችኝ። ደግሞም የሚሰጥ ነገር ሆኖ ተገኘ።

«ሌላው ነፋስ» የሚጀምረው በአንድ ሐዘንተኛ ነው። ኦልደር ይባላል። ሥራው ጥገና ነው፤ የተሰበረ ገንቦ፣ የተቆረጠ ቢላዋ፣ የተሰነጠቀ ዕቃ በእጁና በትንሽ አስማቱ ይጠግናል። ሚስቱ ሞታለች። በሕልሙ እየመጣ የድንጋዩ ካብ ይታየዋል፤ ከካቡ ወዲያ ሚስቱ ቆማ ትጠራዋለች፤ ካቡን ተሻግረውም ይሳሳማሉ። ከዚያ በኋላ በየሌሊቱ ሌሎች ሙታን እየተሰበሰቡ እጃቸውን ይዘረጉበታል፤ ነፃ እንዲያወጣቸው ይለምኑታል። መተኛት ይፈራል። ወደ ሽማግሌው ጌድ ሲሄድ፣ ጌድ ኃይል የሌለው ሰው ነውና የሚሰጠው አንዲት የድመት ግልገል ነው። ሕይወት ያለው ነገር ጎኑ ሲተኛ ሕልሙ ይርቃል። እዚህ ገጽ ላይ ስደርስ መጽሐፉን አጥፌ ለረዥም ጊዜ ተቀመጥሁ። አባቴ በሞተ ሰሞን ጎረቤቶቻችን ተራ ገብተው እናቴ አልጋ አጠገብ ያደሩት፣ ምንም ሳይናገሩ ፍራሽ ዘርግተው የተኙት፣ ለካ ይህን ሥራ ይሠሩ ነበር።

ሙታን ለምን እንደሚያለቅሱ ምሥጢሩ ቀስ በቀስ ይገለጣል። በኧርዝሲ እንስሳት ሲሞቱ ወደዚያ ደረቅ አገር አይሄዱም። ጥንታዊውን ቋንቋና እውነተኛ ስሞቹን የማይጠቀሙት የምሥራቅ ሕዝቦችም አይሄዱም፤ ወደ ሕይወት ዑደት ይመለሳሉ። እዚያ የሚሄዱት ስም ያላቸው ብቻ ናቸው። የጥንት አስማተኞች ሞትን ለማሸነፍ ብለው፣ ከዘንዶዎች ግዛት ሰርቀው፣ ስማቸው ለዘላለም የሚኖርበትን ስፍራ በካብ አጠሩ። ካቡ ሲቆም ነፋሱ ቆመ። የማይሞት ስም አገኙ፤ ነገር ግን ከስሙ በቀር ምንም አላገኙም።

ስለዚህ የመጽሐፉ ፍጻሜ ጦርነት አይደለም። ካብ ማፍረስ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የተሰበረ ሲጠግን የኖረው ኦልደር የመጀመሪያዎቹን ድንጋዮች ይነቅላል፤ ሙታኑ ከወዲያ በኩል ይነቅላሉ፤ የተቃጠለችው ሕፃን ቴሃኑና ዘንዶዎቹ ይረዳሉ። ካቡ ሲፈርስ ሙታኑ ይወጣሉ፤ በብርሃኑም እንደ አቧራ፣ እንደ ትንፋሽ ይበተናሉ። ኦልደርም ከሚስቱ ጋር ይሄዳል። ቴሃኑ ክንፍ አውጥታ ትበርራለች። ቴናር ያሳደገቻትን ልጅ ለሰማይ ሰጥታ፣ ቤት ሲጠብቅ ወደ ቆየው ወደ ጌድ ትመለሳለች፤ ሁለት ሽማግሌዎች ተቀምጠው ያወራሉ። አለቀ።

*

አለቀ ማለት ቀላል ነው። እኔ ግን ከመጽሐፉ ጋር ያልጨረስሁት ክርክር አለኝ።

አባቴ የተቀበረ ዕለት፣ ፍትሐቱ ሊጀመር ሲል ቄሱ ወደ እኛ ዘወር ብለው «የክርስትና ስማቸው ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። እኔና እኅቶቼ ተያየን። በቤታችን ያ ስም ተጠርቶ አያውቅም። እናቴም በለቅሶ ደክማ ነበር። የአባቴ ታላቅ እኅት ከኋላ ሆነው፣ ነጠላቸውን እስከ አፋቸው እንደተከናነቡ፣ አንድ ስም ተናገሩ። ሠላሳ ዓመት አባቴ ብዬ የኖርሁትን ሰው እውነተኛ ስም የሰማሁት በመቃብሩ አፋፍ ነው። ያን ስም እዚህ አልጽፈውም፤ ኧርዝሲን ያነበበ ለምን እንደማልጽፈው ይገባዋል።

ሌላው ስሙ፣ የዓለሙ ስሙ፣ ግን እኔ በምሠራበት ባንክ መዝገብ ላይ አለ። አባቴ ጡረታውን የሚያስቀምጥበት የቁጠባ ሒሳብ ነበረው፤ አሁን ከአንድ ሺህ ብር ብዙ ያልበለጠ ቀርቶበታል። የወራሽነት ማረጋገጫው ከፍርድ ቤት ከወጣ ሰነበተ። እናቴን «ወረቀቱን ላስገባና ሒሳቡ ይዘጋ» ስላት «ተዪው ልጄ፤ ስሙ እዚያ ይኑር» አለችኝ። አልተከራከርኋትም። እኔም ብሆን አንዳንድ ቀን ወረፋው ሲቀል፣ የጡረታ ደብተሩን ይዞ ቆሞ ይጠብቅበት የነበረውን ቦታ ቀና ብዬ አያለሁ።

«ሌላው ነፋስ»ን ስጨርስ የመጣብኝ ጥያቄ ይህ ነበረ። ያ ሒሳብ ካብ ይሆን? እናቴና እኔ በፍቅር ስም አንድ ሰው ነፋስ በማይነፍስበት አገር አግደን ይዘን ይሆን? ለጉዊን ብትጠየቅ አዎን የምትል ይመስለኛል። ሙት በስሙ የተያዘ እስረኛ ነው፤ ፍቱት ትላለች።

ነገር ግን ስም ሁሉ ማሰሪያ አይደለም። ቄሱ በመቃብሩ ላይ የአባቴን የክርስትና ስም ሲጠሩ ሊያቆዩት አልነበረም፤ ሊያስረክቡት ነበር። አደራ የሚሰጥ ሰው የተሰጠውን በስሙ ይጠራል፤ ለእኛ ለባንክ ሠራተኞች ይህ ግልጽ ነው። ስም የሌለበት አደራ የለም። ከዚያ በኋላም ሥርዓቱን ተመልከቱ። ሣልስት አለ፤ ሰባት አለ፤ ዐሥራ ሁለት አለ፤ ከዚያ ዐርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት። ቀኖቹ እየተራራቁ ይሄዳሉ። መጀመሪያ በሦስት ቀን፣ ኋላ በወር፣ ኋላ በዓመት። ይህን የሠራ ሰው የሐዘንተኛን እጅ ያውቅ ነበር። በአንድ ጊዜ አስገድዶ አያስለቅቅም፤ አንድ አንድ ጣት እየተከፈተ እንዲለቅ ያደርጋል እንጂ። አባቶቻችንም ካቡን አፍርሰዋል፤ ያፈረሱት ግን ቀን ቆጥረው፣ ድንጋይ በድንጋይ ነው፤ በየድንጋዩም ላይ ዳቦ ቆርሰው ለድኻ አብልተዋል።

ይህን ሁሉ ለእናቴ አልተረክሁላትም። የኦልደርን ታሪክ ብቻ አንድ ማታ ቡና ሲፈላ እንደ ተረት ነገርኋት፤ ስለ ካቡ፣ ስለ ድመቷ ግልገል፣ ስለ ሙታኑ መውጣት። ስጨርስ ዝም ብላ ቆየችና «ነፍስ ይማር» አለች፤ ለኦልደር ነው። ጥቂት ቆይታ ደግሞ «ያ ገንዘብ ለሙት ዓመቱ ይሁን። በገንዘቡ ዝክሩን እናውጣለት» አለችኝ። ወረቀቱን በማግሥቱ ለባልደረባዬ ሰጠሁት፤ እኔ ወራሽ ነኝና ራሴ ልሠራው አይገባም። ስሙ ከመዝገቡ በወረደበት ደቂቃ እኔ በሌላ መስኮት ለአንድ ደንበኛ ብር እቆጥር ነበር።

በልጅነታችን ተረት የሚነግረን ሰው ሲጨርስ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ይለን ነበር። ተረት የሚመለስ ነገር እንደሆነ፣ ሰሚው አግዶ ሊያስቀረው የማይገባ ብድር እንደሆነ ያኔ አልገባኝም። ለጉዊን እ.ኤ.አ. በጥር 2018 በሰማንያ ስምንት ዓመቷ አረፈች፤ በዚያው ዓመት የኧርዝሲ መጻሕፍት ሁሉ ከሠዓሊው ከቻርልስ ቬስ ሥዕሎች ጋር በአንድ ትልቅ ጥራዝ ታተሙ። እኔ ያንን ጥራዝ አልፈልገውም። ሽፋን የሌለውን አሮጌ መጽሐፌን ከሁለቱ ጋር አስሬ፣ በእኛ ቅርንጫፍ ለልምምድ ለመጣች አንዲት ተማሪ ሰጠኋት። «የዘንዶ ተረት ነው» አልኋት። ለታናሽ ወንድምሽ ይሆናል ግን አላልኋትም።

ለሙት ዓመቱ የጻፍኋትን ይህችን ግጥም ለአንባቢ አካፍዬ ልሰናበት።

ስምህን ያኖርሁልህ በደብተር አይደለም፤
በማኅተም በፊርማ የሚታሰር የለም።
ድንጋዩን አንድ ባንዱ ከካቡ አንስቼ
በር ከፈትሁ እንጂ አልሄድሁም ረስቼ።
ነፋሱ ይለፍበት ካንተም ወደ እኔ፤
ሲጠሩህ እሰማለሁ እስኪመጣ ቀኔ።
ተረቱን መለስሁት፤ ዳቦው ተቆረሰ፤
ነፍስህን ይማርልኝ፤ የእኔ እንባ ታበሰ።